የደረሰኝ ጉርድ

አስራ ዘጠኝ ዓመት በሸርፍ ተራ ጭቃ፣
ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ኮፍያዬ ዓይኔ ድረስ ጠልቃ፣
ስድስት ብር ከአርባ ከየበሩ ስለቅም፣
ሰው በቁጥሩ እንጂ በስሙ አላውቅም።

አራት መቶ አስራ ስምንት፦ ቀይ ሽንኩርት ቸርቻሪ።
አስራ ዘጠኝ፦ ጡረተኛ ሹፌር፣ ሌሊት ሙሉ ሳል ዘሪ።
ሃያ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ በቀን ሥራ ኗሪ።

ካርቦኑን ደርቤ፣ ብዕሬን አጥብቄ፣
ነጩን ሰጥቻቸው፣ ጉርዱን ደብቄ፣
ቁልቁል እሄዳለሁ፣ ጭጋግ እየዋጠኝ፣
ከጦሳ የወረደ፣ መንገድ እያሳጠኝ።

«ገንዘባችን የት ሄደ?» ብለው ጠይቀውኛል።
ወደ ላይ፣ እላለሁ። ወደ ላይ ሄዷል።
ዝናቡ ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

«የጥገና ጥያቄ» የሚል ቅጽ ነበረ፣
በሦስት ኮፒ ሞላሁት፣ በሦስት ቢሮ አደረ፣
ከረመ፣ ጋደም አለ፣ መልሱም አጠረ፦
«በጀት ሲፈቀድ።»

የጦይባ ግድግዳ በጀት አልጠበቀም፤
በነሐሴ ሌሊት ማንንም አልጠየቀም።
ጭቃው ውሃ ጠጣ፣ ማገሩ ነተበ፣
እንደ ደከመው ሰው ወደ አልጋዋ ቀረበ።
ደግፋው አደረች፣ በጀርባዋ፣ በትከሻዋ።
ሲነጋ ስደርስ ከመቀነቷ ፈታች፣
ስድስት ብር ከአርባ፣ እርጥቡን ዘረጋች።
ተቀበልኩ።
ደረሰኝ ቆረጥኩ።
ይሄን ነው ለማንም እስከ ዛሬ ያልነገርኩ።

በመስከረም ደግሞ ሰዎች መጡ፣ ሜትር ይዘው፣
በየበሩ ኤክስ በቀይ ቀለም ስለው።
ባለ ስድስት ፎቅ ነው፣ አሉ፣ መስታወት ለበስ፤
ለእናንተ ኮንዶሚኒየም አለ፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ሲኬድ፣ ከመድረስ።
«ቅድመ ክፍያውስ?» አለ ሙሄ፣ ሳሉን ዋጥ አድርጎ።
ቁጥሩን ሲነግሩት
ሳሉ ተመለሰ፣ ጉሮሮውን ፈልጎ።
«ሽንኩርቴን ሰኞ ገበያ በእግሬ ነው የማደርሰው፤
ከዚያ ማዶ ብኖር፣ ትርፌን ታክሲው ነው የሚጎርሰው፣»
አለች ጦይባ። ሰዎቹ ሜትሩን ጠቅልለው ሄዱ።

እሁድ ቅሬው ተጠራ።
ድንኳኑ፣ ሳህኑ፣ ወንበሩ ተቆጥሮ፣
የቀብሩ ገንዘብ በደብተር ተቀምሮ፣
ጦይባ ተነሳች፣ ሻሿን አጥብቃ፦

«ሃምሳ ሁለት ሺህ አለን፣ ስንሞት የሚያነሳን።
አልሞትንም ገና፤ ሰው ሁሉ ረሳን።
ከፈኔ ይቆየኝ፣ ቆርቆሮው ይቅደመኝ፤
ሳልሞት በሕይወቴ ግድግዳው አይቅበረኝ።»

ዝምታ። ጭቅጭቅ። አንዱ ተቆጣ፣ ወጣ፣
«የሙታን ገንዘብ ነው!» ብሎ። ደግሞ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ወደ ቦርሳዬ።
ስድስት ብር ከአርባ፣ አልኩ፣ ሚስማር አይገዛበት።
የረከሰ ኪራይ፣ ጣሪያ ካልሠሩበት፣
ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው፣ ሰው ሳይነቃበት።
የቻለ ሰላሳ ይጨምር፣ ያልቻለ እንደ ድሮ፣
እዚሁ ይቀመጥ፣ በሦስት ቁልፍ ታስሮ።
ቤቱም የሕዝብ ይሁን፣ ለሽያጭ እንዳይወጣ፣
ማዘጋጃው ይፈርም፣ ማህተሙም ይምጣ።

አዲስ መዝገብ ከፈትኩ። በስም ነው የጻፍኩት።
ጦይባ እንድሪስ። ሙሄ አደም። ሦስተኛዋን ጠየቅኳት፣
ቀና ብላም ሳታይ ነገረችኝ ቀስማ፦
ሃያ ስላት የኖርኩ፣ ለካ እልፍነሽ ናት ስሟ።

ማህተሙ አልመጣም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።
ሐሙስ ሄድኩ፤ ስብሰባ። ማክሰኞም ስብሰባ።
ኤክሱ ደብዝዟል እንጂ ከበሩ ላይ አልጠፋም።
በጦይባ ቤት ላይ አስራ ስምንት ቆርቆሮ ተመታ፤
ወደ ሙሄ ሲያልፍ ሳጥኑ ተረታ።
ላስቲክ አልብሰነዋል። እስከ መጋቢት ይቻል።

ነጩን አሁንም ለእነሱ ነው የምሰጠው።
ጉርዱን ግን ከቅሬው ቤት በር ላይ ለጠፍኩት፣
ማንበብ የሚችል ሁሉ ለማይችለው እንዲያነበው።

ትናንት ማታ ዘነበ። አንድ ልጅ፣ የእልፍነሽ ትንሹ፣
ወረቀቱን እያየ፣ «ገንዘቡ የት ሄደ?» አለኝ።
ወደ ላይ፣ አልኩት።
ጣሪያው ላይ።
ስማው።