ስምንተኛው ዓመት

ሐይቅ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት፤
መዝገቡን የምይዝ እኔ ነኝ፣ ይኸው ስምንት ዓመት።
ሐኪሙ ይበጠብጣል፣ ጠብታን በውሃ፣ ውሃን በውሃ አቅጥኖ፣
ስሙ ብቻ እስኪቀር፣ ቅጠሉ ከውስጡ ተኖ።
እኔ እጠይቃለሁ፦ «ካምና ዘንድሮ ተሻለ? ወይስ ባሰ?
ሌሊት ስንቴ ነቃህ? ሳሉስ ተመለሰ?»

ዘይነባ ይማምን ያኔ ልጇ አዝሎ ነበር ያመጣት፣
ትንፋሿ እንደ አሮጌ ወናፍ እያፏጨባት።
ዘንድሮ በእግሯ መጣች፣ እሸት ሽምብራ ይዛ፤
ከመቀነቷ ቋጠሮ ግን መንፊያ አለ፣ ከደሴ ልጇ ነው የገዛ።
የቱን ልጽፈው ነው? «ተሻላት» የሚል አምድ አለ፣
«በምን» የሚለው ግን ከመዝገቡ ጎደለ።

አስማረ ቢተውን ራስ ምታቱ ዛሬም አልለቀቀው፤
«እና ለምን ትመጣለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ሲያዳምጠኝ» አለኝ፣ «ለአንድ ሰዓት ሰው ያደርገኛል።»
ይህንስ ስንት ልበለው? በቁጥር እንዴት ይጻፋል?

ከአርባዎቹ መሃል አሥራ አንዱ የሉም፤
ሰው ብልክ አይገኙም፣ ስልክ አያነሱም።
ድነው ይሆን? ሞተው?
ወይ ባቲን አልፈው፣ ባሕር ተሻግረው?

ባዶውን መስመር ዛሬም አልሰረዝኩት፤
እርሳሴን ቀርጬ፣ ቀኑን ብቻ ጻፍኩት።