ሁለት ሚዛን

ሰኞ ጧት ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ሰማንያ አንድ ነኝ፤
ማክሰኞ ኪሎ ተኩል ሌሊቱን መረቀልኝ።
ምን በልቼ ነው? ማታ ሾርባ፣ ያውም በትንሿ ጎድጓዳ፣
ጥቂት የወይራ ፍሬ፣ በጨው የከረመ፣ ከአርማንዳ ጓዳ።

ለማልቀስ ጊዜ የለኝም፤ አቬሮ ገና ሳይነጋ
የሱቄን መዝጊያ ላንሳ፣ ደንበኛ ሳይንጋጋ።

ሠላሳ ዓመት ባካልያው ሸጫለሁ፣
ጨው የበላው ዓሣ፣ እንደ ሳንቃ ደርቆ ይመጣል፤
መዘፍዘፍ ለሚሰለቸው እኔ እነክርለታለሁ፣
ሲያድር ባልዲውን ይጠጣል።
ጧት አውጥቼ ስመዝነው፣
ኪሎው ኪሎ ከሩብ ነው።
"ደኦሊንዳ፣ ዓሣሽ ወፈረ" ያለኝ ሰው የለም።
ውሃ ነው።

ታዲያ በባዶ እግሬ የቤቱ ሚዛን ላይ ስቆም፣
ስሸጠው የኖርኩትን ለምን አላውቅም?
ጨው ውሃን ጠርቶ ያሳድራል፤
እንግዳም ቀኑ ሲደርስ ይሄዳል።

እሑድ ማታ በዓሣ መጠቅለያ ወረቀት
የሰባት ጧት ቁጥር ጻፍኩ፣ ሽቅብም ቁልቁልም ያለበት፤
ደመርኩ፣ ለሰባት አካፈልኩ፣
እርሳሴን ልሼ ደግሜ ቆጠርኩ።
ካለፈው ሳምንት የቀነሰው
ሦስት መቶ ግራም ነው።

ሦስት መቶ ግራም፤
ለአንድ ብቸኛ ሰው ራት የምትበቃ ቁራጭ።
ልጄ አላየችልኝም፣ ቀሚሴም አላወቀም።
ነገ ሰኞ ደግሞ ይጨምር ይሆናል።
ይጨምር።
እኔ ያቺን ቁራጭ በእጄ አውቃታለሁ፤
ስንት ሺህ ጊዜ ቆርጬ መዝኛታለሁ።