ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት

ብርዱን ሽሽት ገባሁ ከመጻሕፍቱ ቤት፤
ሜይስቪል ከተማ፣ ኬንታኪ፣ የካቲት።
ከታችኛው ረድፍ፣ አቧራ ከዋጠው፣
አንድ ጥራዝ ሳብኩኝ፣ ጀርባው የተላጠ፣ ክሩ የወጣው።
የድሮ ልቦለድ ነው፣ ስለ ባርነቱ፤
ስንቱ ያነበበው፣ ያነባበት ስንቱ!

ደራሲው ክፉ አይደል፤ ብዕሩም አልዋሸም፣
ስለ አለንጋው ሲጽፍ ፊቱን አላሸሸም።
ግን ጀግና ይወዳል፤ ቀይ ዳማ፣ ልጅ እግር፣
መስኮት የምትዘል፣ በሌሊት የምትበር፣
በየምዕራፉ ጫፍ ለጥቂት የምትተርፍ፣
በየደጁ ደግ ሰው ፋኖስ ይዞ የሚያሳልፍ።
ተከተልኳት እኔም፣ ምሳዬን ረስቼ፣
ከጫካ ወደ ጫካ፣ ውሾቹን ሰምቼ።

ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት የገበያ ቀን ነው።
ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሰው ሰውን ሲያጫርተው
ደራሲው ይቸኩላል፤ ጀግናው ትጠብቃለች፤
«ልጇ ሲሸጥባት አንዲት ሴት ጮኸች፣ አለቀሰች፤
ሕዝቡም ተበተነ።»

ዐረፍተ ነገር ይሉታል ይህንን።
የማን ዕረፍት ይሆን?
አራቱ ነጥቦች፣ እንደ አራት ችካል፣
ዙሪያዋን ተተክለው እዚያው አስቀሯት፤ ትረካው ቀጥሏል።

እኔም ባልፍ ነበር። ግን ከኅዳጉ ላይ፣
እርሳስ አለ፣ ስስ፣ በቅጡ የማይታይ።
ያረጀ እጅ ይመስላል፤ ፊደሉ ይርዳል፤
«ይህቺ ማሃላ ናት። አላለቀሰችም» ይላል።
ሌላ ቃል የለበትም። የጻፈው ማን እንደሁ፣
የልጅ ልጅ ይሁን ጎረቤት፣ እኔ በምን ዐውቃለሁ?

ማሃላ። በእኔ አፍ መሐላ ይመስላል፤
ከንፈር የማይፈታው፣ አንጀት የቋጠረው ቃል።
እንባውን የፈለግነው እኛ ነን፣ አንባቢዎች፤
ታዲያ ካላለቀሰች፣ ያን ቀን ምን አደረገች?
እርሳሱም ዝም ብሏል።

ይህ ከተማ ያኔ ገመድ ይፈትላል።
ቃጫው ከማሳ ላይ በጤዛ በስብሶ፣
በጋሪ ተጭኖ ከረጅሙ ዳስ ደርሶ፤
ማሃላ ወገቧን በቃጫ ታጥቃ
የኋሊት ትፈትላለች፣ የምትሄድበትን ሳይሆን የተወችውን ዐውቃ።
ግራኝ ናት እንበል። የእሷ ክር ይለያል፤
የሌላው ወደ ቀኝ ሲተኛ፣ የእሷ ወደ ግራ ያያል።

ልጇ ኢኖስ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የፊት ጥርሱ ገና የወለቀ።
ከጨረታው በኋላ ወደ ወንዙ ነዱት፤
ተከትላ ወረደች።
መርከቡ ያጓራል፣ ወደ ታች ሊወርድ፣ ወደ ጥጡ አገር፤
ከግንዱ ጋር ያሰረውን ገመድ አየችው፣ ስትቀርብ ከዳር።
ወደ ግራ የከረረ።
የራሷ ነበር።

መርከበኛው ፈታው። እሷ ያዘችው።
በሁለት እጇ ያዘችው።
«እማ፣ እጅሽን!» አለ ኢኖስ ከላይ ሆኖ።
ገመዱ አልተበጠሰም፤
አሳምራ ፈትላዋለች፣ እንከን አልነበረበትም።
የተበጠሰው መዳፏ ነው።

ምናልባት እንዲህ አልነበረም።
ምናልባት ዝም ብላ ቆማ፣ ጭሱ ከወንዙ ላይ እስኪጠፋ፣
በልቧ ቆጠረች፤ እስከ ስንት እንደሁ ማንም አይነግረኝም።

«ልንዘጋ ነው» አለችኝ ሚስ ፔቲግሩ፣ መብራቱን ከዳር እያጠፋች።
ጀግናይቱ ይሄኔ ወንዙን ተሻግራለች።
እኔ ግን ቀጣዩን መግለጥ አቃተኝ፤
ገጽ ፊት ነውና፣ ትክ ብሎ አየኝ።

ወጣሁ። ከወንዙ ዳር፣ በረዶ በያዘው ውሃ፣ አንድ ጀልባ ታስሯል።
ጎንበስ ብዬ ገመዱን አየሁት፣ ወዴት እንደ ከረረ።
ወደ ቀኝ ነበረ።