አልጫ

የዜላንድ ሰዎች ነን፤ ከባሕር በታች አርሰን፣
ግድቡን አምነን ተኛን፣ ብርድ ልብስ ለብሰን።
በጥር መጨረሻ፣ በእሑድ ዋዜማ፣
ግድቡ ሲቀደድ ማንም ድምፅ አልሰማ፤
ነፋስ ነው ጩኸቱን ካፋችን የነጠቀው፣
ባሕሩ ደጃችን የደረሰው ሳናውቀው።

አባቴ ማሪኑስ ላሞቹን ሊፈታ፣
ፋኖስ ይዞ ወጣ፣ ሳይቆይ አንድ አፍታ፤
እናቴና እኔ ከጣራው ተንጠልጥለን፣
መብራቱን በዓይናችን ተከተልን፣ ተከተልን፤
ከዚያ ጨለማ።

በመከር ወራት ውሃው ወደ ቤቱ ሄደ፣
ጨው ግን ክፉ እንግዳ፣ መቀመጥ ለመደ።
ማሳው አመድ መስሎ ተሰነጣጠቀ፣
የፖሙ ዛፍ ቆመ፣ ቆሞ እንደ ደረቀ።
ከከተማ መጣ ባለ መነጽር ሰው፣
አፈሩን በጠርሙስ በውሃ በጠበጠው፤
«ጀሶ በትኑበት፣» አለ፣ «ደግሞም ጠብቁ።»
«እስከ መቼ?» ስንል፣ አየ ወደ ሩቁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ግድግዳውን ሳይ፣
የጭቃው መስመር አለ፣ ከቁመቴ በላይ።
ኦርጋኑ ውሃ ጠጥቶ ታፍኗል፣ አይናገር፤
ሕዝቡ ግን ያዜማል፣ እንደ ጥንቱ ነገር፣
በዝግታ፣ በዝግታ፣ ቃል በቃል ጎትቶ፣
የምርኮ ተመላሾችን መዝሙር ከደረቱ አውጥቶ።
በእንባ ስለ ዘሩት ከሚለው ሲደርስ ዜማው፣
የእናቴ ከንፈር ግጥም፤ ድምጿን ማን ይስማው?
ያችን አንዲት ስንኝ ዘላ ታልፋለች ዘወትር፣
ተምሶ እንደ ቀረ፣ ሬሳ እንዳጣ መቃብር።

«ለምን?» አልኳት ደፍሬ።
«ማሳው የሞተው በጨው፤ የኔን እንባ ጨምሬ
ምን ይበቅላል ብዬ?» አለችኝ፣
ድንች እየላጠች።

በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናብ አጥቦ አጥቦት፣
ገብስ ዘራን፤ ገብስ ጨው ይችላል ብለውት።
ስትዘራ አየኋት፣ ባባቴ ቦት ጫማ፣
አንድ እፍኝ ትበትናለች፣ ትቆማለች፣ ደግማ።
አለቀሰች እንዳልል ነፋስ ነበር፤
እርግጠኛ አይደለሁም።

ነዶው አሥራ አንድ ነው፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት።
ሊጡን ስታቦካ የጨው ዕቃውን ገፋችው፤
«እማ፣ ረሳሽ» አልኳት። አልመለሰችም።
ዳቦው ገና ሲያጤስ ከጫፉ ቆረሰች፣
ቀመሰች፣ ዝም አለች፣ ደግማ ቀመሰች፤
«አልጫ ነው!» አለች፣ «አልጫ!» አለች፣ ጮኸች፣
በሊጣም እጇ ፊቷን ይዛ ሳቀች፣
ጎረቤት አበደች ብሎ እስኪመጣ።

በማግስቱ እሑድ ያችን ስንኝ ዜማ ስታ፣
ከሰው ሁሉ ጮኻ፣ ከሰው ሁሉ ዘግይታ፣
ፓስተሩ በዓይኑ «ያኮሚና» ቢላትም፣
ሳትጨርስ አልተቀመጠችም።

አባቴ አልተመለሰም። ነዶው አሥራ አንድ ነበር።
እኔም አርጅቼ፣ ሐኪሙ ጨው ከልክሎኝ፣
በየጠዋቱ የማይጣፍጥ ዳቦ እቆርሳለሁ፤
ነርሷ ታዝንልኛለች።
አፌ ግን፣ ምን ላድርገው፣
ሳቅ ይሞላል።