ሠላሳ ሁለት ጠብታ

በረዶ ጣለ ካራኮል ላይ፣ በጥቅምት፣ ዓርብ ማታ፤
የሸለቆው መንገድ ተዘጋ፣ አምቡላንሱም ቆመ ተረታ።
በክልሉ ሆስፒታል ተረኛዋ ሐኪም እኔ፤ ከእኔ በላይ የሚጠየቅ
ስልኩ ብቻ ነው፤ እሱም ነፋስ በነካው ቁጥር የሚወድቅ።

አባቷ በካፖርቱ ጠቅልሎ አይዚሬክን ይዞ ገባ፤
ሰባት ዓመቷ፣ ሃያ ሁለት ኪሎ፣ ስታለቅስ እንኳ ያለ እንባ።
ትተነፍሳለች፤ በረጅሙ፣ በጥልቁ፣ ያለ ፋታ፣
ተራራ እንደሚወጣ ሰው፣ እዚያው አልጋ ላይ ተኝታ።

«ሦስት ሳምንት ሆናት» አለች እናት፣ «ውሃ፣ ውሃ እያለች፤
ሌሊት አልጋ ታረጥባለች፣ ትልቅ ልጅ ሆና ሳለች።
ተቆጣኋት።»
ከዚያ ወለሉን ብቻ አየች።

ሶቬትቤክ የፖም መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ቤታቸው ከመጋዘኑ ኋላ፤
ግድግዳው ፖም ይሸታል፣ ትራሱ ፖም፣ የሚጠጣው፣ የሚበላ።
የልጅቱ ትንፋሽ ፖም ቢሸት፣ ጊዜው ያለፈ ፖም፣ የሰነበተ፣
ማን ይደነግጥ በዚያ ቤት? ማንስ ከፖም ለይቶ አሸተተ?

ያወቀችው ቡሩልቻ ናት፣ ነርሷ፣ ልጅቱ ከበሩ ሳታልፍ፤
«ይህ ፖም አይደለም» አለች፣ ጎንበስ ብላ ከትንሹ አፍ።
ጣቷን ወጋን። ስኳሯ ሠላሳ አንድ። ሽንቷ ኬቶን፣ ደሟ ኮምጣጤ።

ለተጠማ ውሃ መስጠት ጽድቅ ነው፤ ይህን ማን ይክዳል?
ግን አምና በዚሁ አልጋ ላይ አንድ ልጅ ነበር፣ ባይኤል ይባላል።
ጥሙ አሳዘነን፤ ቶሎ ቶሎ ሰቀልን፣ ከረጢት በከረጢት፤
ማለዳ «ራሴን» አለ። አንጎሉ አበጠ። ቀን ሳይወጣ ወሰዱት።
መጻሕፍቱ ዛሬም ይከራከራሉ፣ ጥፋቱ የውሃው ነው ወይስ የበሽታው?
እጄ ግን አይከራከርም።
ጽድቅም ይገድላል፣ ከቸኮለ።

ፓምፑ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ፓምፑ እኛው ነን ማታ ማታ፤
የእጅ ሰዓት፣ የባትሪ መብራት፣ በደቂቃ ሠላሳ ሁለት ጠብታ።
እናት ትለምነኛለች፦ «ትንሽ ክፈቺው፣ ልጄን ጠማት»፤
እኔም ጨካኝ መስዬ ቆሜያለሁ፣ ቁልፉን ይዤ፣ ፊት ለፊት።

«ኢንሱሊኑ አንድ ሰዓት ይቆይ» አለ ስልኩ፤ ድምፁ መጣ፣ ሄደ፤
«ፖታሲየሙን አደራ፣ ልብ ላይ…» ከዚያ መስመሩ ወረደ።
የቀረውን ቡሩልቻ ጨረሰችልኝ፣ ከቃሏ፣ ሳታይ ወረቀት።

በየሰዓቱ እንቀሰቅሳታለን፤ «ውሻሽ ማን ይባላል?» ብለን።
ከሌሊቱ ዘጠኝ፦ «ቻይኔክ።» ማንቆርቆሪያ ማለት ነው።
ዐሥር ሰዓት፦ «…ቻይኔክ።»
ዐሥራ አንድ ላይ ዝም አለች።
ቡሩልቻ አየችኝ። የማኒቶሉ ጠርሙስ አጠገቤ ነበር።
እንደገና ጠየቅናት፤ ትከሻዋን ነቀነቅናት።
«ስንቴ ልንገራችሁ! ቻይኔክ ነው! ቻይኔክ!»
ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።
በሕይወቴ እንዲህ የጣፈጠኝ ቁጣ የለም።

ስኳሩ ሲወርድ የስኳር ውሃ ቀጠልንላት። እናት ጮኸች፦
«መርዟን ትሰቅሉባታላችሁ?» ብላ ገመዱን ልትነቅል ደረሰች።
እንዴት ላስረዳት? ኮምጣጤው እስኪጠራ መርፌው መቆም የለበትም፤
መርፌው እንዳይቆም ደግሞ ያለ ጥቂት ስኳር አይሆንም።
እሾህን በእሾህ ነው አልኳት። እሷ እሾሁን ብቻ አየች።

ቆይታ፣ ቀስ ብላ፦ «ስንት ቀን ነው መርፌው?»
መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ወረቀት አገላበጥኩ።
የመመርመሪያውን ሳጥን ከፈትኩ፦ ዐሥራ አንድ ቀርቷል። መልሼ ዘጋሁት።

ጧት በኮሪደሩ ሳልፍ ሽታው ድንገት መታኝ፦ ፖም።
ሮጥኩ ወደ አልጋዋ፤ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን አሸተትኩ፤ ምንም።
የእንቅልፍ ሽታ ብቻ፣ ትንሽ የጎማ ቱቦ።
ተመለስኩ። ከበሩ ውጭ በረዶው ላይ አንድ ጆንያ ቆሟል፤
ሶቬትቤክ ቆቡን በእጁ ጨምድዶ
ጆንያውን ያስገባው ወይስ ይመልሰው
አላወቀም።
እኔም አላወቅሁም።