አምስት ደቂቃ

ዳገቱን የሚወጣ፣ ዳገቱን የሚወርድ፣
የእንጨት ሣጥን ነው፣ የሚጎተት በገመድ።
እዚያ ነው ሥራዬ፣ በቫልፓራይሶ፣
ጉም ከባሕር ሲወጣ፣ ጣራ ጣራውን ልሶ።
ፍሬን እይዛለሁ፣ ፍሬን እለቃለሁ፤
ከገመዱ ይልቅ ኮቴን እፈራለሁ፤
ጥቁር ሰማያዊ፣ የማዘጋጃ ቤት ልብስ፣
በረዶ በማይጥል አገር፣ በረዶ የሚለብስ።
ተሳፋሪው አይቶ ዓይኑን ወደ ባሕር ያሸሻል፤
አንዲት ሕፃን ብቻ፦ «አጎቴ፣ ዱቄት ነክቶሃል?»

ከቅንድቤ መሀል፣ ከጆሮዬ ኋላ፣
ቢጫ ቅርፊት ለብሷል፣ ወዝ ያራሰው ገላ።
ሌሊት አካለሁ፤ ጧት ትራሴን አራግፋለሁ፤
የጎረቤት ምክር ሰምቼ የወይራ ዘይት እቀባለሁ፤
ሲብስብኝ ደግሞ፣ ዘይት እጨምራለሁ።

ልጄ ኤርሚንዳ ብሩሽ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፣
ከግራ ወደ ቀኝ ትከሻዬን ትጠርጋለች፣
«ሂድ እንግዲህ» ትላለች።
ሌላ ብዙ አታወራኝም፣ እናቷ ከሞተች።

ፋርማሲ ቤት ሮሳልባ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ፀጉሬን ፈልቀቅ አድርጋ አየች፣ እንደ መጽሐፍ ገልጣ ገልጣ።
«ቆሻሻ አይደለም» አለች፣ «ተላላፊም አይደለም፤
ራስህ ላይ ያለው፣ ራሱን የቻለ ዓለም።
ባክቴሪያው፣ ፈንገሱ፣ ከልጅነት አብሮህ ኖሯል፣
አንዱ ያንዱን ድንበር አክብሮ ተጎራብቷል።
ማላሴዚያ የሚሉት፣ ስሙ የልዕልት የመሰለ፣
ወዝህን እየበላ፣ ከወዝህ ላይ የዋለ፣
ሲበዛ ነው ጣጣው፤ የጣለው ትራፊ ቆዳህን ያስቆጣል።
ዘይቱን ተው እባክህ፤ ማዕድ ሆኖ ይቀርብለታል።»

(አርባ ዓመት ፍሬን ይዤ፣ ወዛደር ነኝ ስል፣
ለካ ወዜ ላይ የሚያድር፣ ሌላ ወዛደር ይኖራል!)

ጠርሙስ አወረደች፤ ኬቶኮናዞል ነው።
«በሳምንት ሁለቴ። አረፋውን ቶሎ አትጠበው።
አምስት ደቂቃ ታገሥ። ሲሻልህም ፈጽመህ አትተው፤
ሁሉን ልትገድል አይደለም፣ ቁጥሩን ልትቀንስ ነው፤
ያለ ጎረቤት የሚኖር፣ የቱ ቆዳ፣ የቱ ሰው?»

አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፣ ዓይን ጨፍኖ ለሚቆም።
ባቡሬ ወጥቶ ይወርዳል፤ አረፋው ግን አያልቅም።
ጆሮዬ ውስጥ ይንሾካሾካል፣ እንደ ሩቅ ገበያ፤
ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ፣ ዝም ብዬ ቆሜ አላውቅም ነበር፣ እስከዚያ።

በአራተኛው ሳምንት ኮቴ ጠራ። ኤርሚንዳ በር ላይ
ብሩሹን አንሥታ ነበር፤ አየች፣ አየችና፣ መልሳ ሰቀለችው ምስማሩ ላይ።
«ሂድ እንግዲህ» እንኳ አላለች።
ቀኑን ሙሉ ትከሻዬ ቀለለኝ፤ መቅለሉ ግን ከበደኝ።

ሐሙስን ዘለልኩ። እሑድንም ዘለልኩ።
(ለሮሳልባ አትንገሯት።) በሦስተኛው ሳምንት አከክሁ።
ኤርሚንዳ ጠርሙሱን በመስኮቱ ብርሃን አየችው፣
እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።
«ቁጭ በል» አለችኝ። እጅጌዋን ሰበሰበች።
በራሷ ጣት አረፋውን ሥር ድረስ አሸች፣
የግድግዳውን ሰዓት እያየች፣ ጮክ ብላ ቆጠረች።
ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የእናቷን ስም ጠራች፤ ድምፅዋ አልተሰበረም።
አምስቱ አልፎ ስድስት ሆነ፤ «ውሃውን» አላልኳትም።