ስቱኮ የማይደፍነው

ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭቃው ገና ሳይሰበሰብ፣
በሰንሰለት ተንጠልጥላ፣ ሥጋ ቤት እንዳለ ላም፣
አንዲት ላንድሮቨር መጣች፤ ጎማ እንኳን የላትም።
ዓይኖቿ ሁለት ጉድጓድ፣ ዝገት ኮፈኗን የበላባት፣
ወንበሯ ላይ ድመት ወልዳ ያሳደገችባት፣
ወለሏን ሰንጥቆ ግራዋ የበቀለባት።

“ዕቁብ ደርሶሽ ነው?” አልኳት፣ ሴትዮዋን ሳያት ቆማ፤
“ብረቱን ለቆራሌው፣ በኪሎ ሽጪው ይልቅማ።”
“ቆራሌው እምቢ ቢለኝ ነው፣ በክሬን ይዣት የመጣሁ፤
አባቴ የነዳት ናት። ትርሲት ወርዶፋ እባላለሁ።”

ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ፣ የተመኘችውን መልክ፦
ክብ ዓይን እንደ ጥንቱ፣ ብርሃኑ ግን በዛሬ ልክ፣
ቄጠማ መሳይ ቀለም፣ ጣሪያዋ ነጭ እንደ አይብ፣
ዳሽቦርዷ ላይ መስታወት፣ መንገድ የሚያሳይ፣ የሚያነብ።
“ፊቷ የዱሮ ይሁን፣ ልቧ ግን የዘንድሮ፤
ሞተሯ ወጥቶ ይጣል፣ ባትሪ ይግባ ከሥር ተቀብሮ።”

እኔ ባቲላሜራ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
የሰው ግጭት ሳቃና፣ “ማን መታው?” እንዳይሉ፣
ስቱኮ ስለቀልቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ፣
የባልን ጥፋት ከሚስት፣ የሹፌርን ከጌታው ስደብቅ።
ሥራዬ ማስረሳት ነው፤ ለዚያ ነው የሚከፈለኝ፤
አስታውስልኝ ብሎ የመጣ፣ እስካሁን ሰው አልነበረኝ።

አምስት ወር ፈጀን። ፓራፋንጎው ከምናለሽ ተራ፤
ባሌስትራው ጎጃም በረንዳ፣ አጥር ደግፎ ሲሠራ
ተገኘ። ሙራድ የሚባል፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣
አሮጌውን ሞተር አወጣው፣ እጁ እንደ አዋላጅ፤
ኮምፒውተር ሰክቶባት፣ ሆዷን ያዳምጥ ነበር፤
እኔ መዶሻዬን ይዤ፣ እያፈርኩ ቆሜ ከዳር።

አንድ ማታ፣ ስፖርቴሎውን በሹፌሩ በኩል ስፈታ፣
ስቱኮው በእጄ ላይ ሳለ፣ ጽሕፈት አየሁ ድንገት፣
ከልባሱ ሥር ቆርቆሮው ላይ፣ በምስማር የተጫረበት፦

  ዝዋይ፣ ፹ ጎጆ ተረጨ።
  መተሐራ፣ ፻፲። ባሌስትራ ተሰበረ።
  አርባ ምንጭ፣ ዝናብ። አልተቻለም።
  ኮንሶ፣ ፷፬። አንዲት አሮጊት አላስገባም አለች፤ ኋላ አልቅሳ አስገባች።
  ሴት ልጅ ወልደናል። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሰማሁ።
  ጂንካ፣ ፺፪።

መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ስቱኮው እጄ ላይ ደረቀ።

ማለዳ ስትመጣ በሩን አዞርኩላት።
በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ሦስት ጊዜ አነበበች።
“ ‘መንገድ ይበልጥበታል’ ትል ነበር እናቴ” አለች።
ቆየችና፣ ወረፋ እንደሚቆጥር ሰው፣
“ከኮንሶ ቀጥሎ ነኛ። ከጂንካ በፊት።”
ከዚያ፦ “ይሄን ቀለም አይንካው።”

ጋሽ ወርዶፋ የመጡ ዕለት፣ ከዘራቸው ቀድሞ ገባ፤
ጎማውን በጫፉ መቱት። “ዲዲቲ ዲዲቲ አትልም።
ምነው ሸተተች አበባ?”
መሪውን ያዙ። ትርሲት ከጎን፣ እኔ ከኋላ።
ቁልፉን ነካችው። ድምፅ የለም። ምንም።
“ጠፋችብሽ።”
“አልጠፋችም አባባ፣ ተነሥታለች።”
“ውሸት!”

ለገሃርን ጀርባ ሰጥተን፣ ቸርችልን ሽቅብ ስንይዝ፣
የሚኒባሱ ረዳት፣ በመስኮት ወጥቶ ሲፈዝ፣
ግራ እጃቸው ከመሪው ወርዶ፣ ገባ ወደ በሩ ልባስ፣
ክፍት ወደ ተውኳት ቀዳዳ። ጣታቸው ያነብ ጀመር፣ ቀስ…
ምንም አላሉም። እሷም።

ማዘጋጃው ጋ ቀይ በራ።
ግራ እግራቸው የሌለ ፍሪሲዮን ረገጠ፤
ቀኝ እጃቸው የሌለ ማርሽ መለሰ።
“አየሽ” አሏት፣ “አቀበት ላይ
እንዲህ ነው የምትያዝ።”